ለአምብሩሽ ቸኩዬ የደወልኩት ደወል

ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በባሌ ሞት አልዋሽም።

ደወሉን የደወልኩት በመጋቢት ነበር፤ ልክ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ቀትር።

ከተማችን ቲሳሶልድ ትንሽ የሃንጋሪ ከተማ ናት። የቲሳ ወንዝ ሁለት ጊዜ ጠራርጎ ወስዷት፣ ሁለት ጊዜ እንደገና ተሠርታለች። ሁለቱንም ጊዜ ሳይወድቅ የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ብቻ ነው። የማማው ደዋይ እኔ ነኝ፣ ፒሮሽካ።

ሰው ሲሞት ትንሿን ደወል እደውላለሁ። ለሴት ሁለት ዙር፣ ለወንድ ሦስት። ሕፃናት እንኳ ጨዋታቸውን አቁመው ይቆጥራሉ።

ያን ሰሞን ወንዙ ሞልቶ ባሌን አምብሩሽን ከነጀልባው ወሰደው።

አንድ ቀን... ሁለት ቀን... አራት ቀን።

"ፒሮሽካዬ፣ ደውዪለት እንጂ" አሉኝ ጎረቤቴ እትዬ ሮዛሊያ። "ነፍሱን ለምን ታንከራትቺያለሽ?"

"ሬሳው ሳይገኝ?"

"አራት ቀን በዚያ ብርድ! ባልሽ ዓሣ ነው እንዴ?"

ተናደድኩ። ግን እውነቱን ልናገር... ማልቀስ ፈልጌ ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ደወል ሳይደወል አይለቀስም።

በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ ገመዱን ያዝኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት።

ቤቴ ገብቼ እንደ ልቤ አለቀስኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ።

አምብሩሽ!

እልል ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን ልብሱን አየሁ። ልብሱ ደረቅ ነው። ከወንዝ የወጣ ሰው ልብሱ እንዴት ይደርቃል?

ውሻችን አልጮኸም። ጅራቱንም ሳይቆላ አልጋ ሥር ገባ።

ባሌ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። እሳቱ ይነዳል... ቤቱ ግን በረደ።

"የት ነበርክ አንተ?"

"ሸምበቆው ውስጥ" አለ በሹክሹክታ። "የአኻያ ሥር ይዤ... ፒሮሽካ ሰው ትልካለች እያልኩ።"

"አምስት ቀን ሙሉ?"

"አምስት ቀን። ከዚያ ደወሉን ሰማሁ።"

"ማን ሞተ ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት ሆነ። ሌላ ወንድ ይሆናል አልኩ... ግን በደወሉ ድምፅ ውስጥ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ለሌላ ሰው ስትደውዪ እጅሽ አይንቀጠቀጥም።"

"እና?"

"እና ሥሩን ለቀቅኩት።"

"አምብሩሽዬ! ይቅር በለኝ!"

እጁን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ወንበሩ ባዶ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጀልበኞቹ ሬሳውን አመጡት። ጥፍሮቹ ውስጥ ትኩስ የዛፍ ቅርፊት ሞልቷል። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና "ከሞተ አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም፤ ትናንት ቀትር ገደማ ነው" አለ።

እትዬ ሮዛሊያ ደረታቸውን ደቁ። "እኔ ነኝ የገፋፋሁሽ! እኔ ነኝ!"

አይደሉም። ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው የገደልኩት።

ሊቀበር ሲል እንደ ወጉ ልደውልለት ማማው ላይ ወጣሁ። ሳብኩ። ደወሏ ከላዬ ስትወዛወዝ በዓይኔ አያታለሁ... ድምፅ የላትም። ነፋሱ ይሰማኛል። የገመዱ ሲጥታ ይሰማኛል። የእሷ ድምፅ ግን ወይ ፍንክች።

በመስኮቱ ቁልቁል አየሁ። ሰዉ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል።

ሦስተኛው ዙር ላይ ገመዱን ለቀቅኩ።

እነሱ ግን ቀና ብለው እኔን እያዩ... መቁጠራቸውን አላቆሙም። እንደገና አንድ... ሁለት።