ነፋስ የበዛበት ጎማ

በከላላና በመካነ ሰላም መካከል የሚመላለሱ ሹፌሮች ጎማ የሚያስነፉት እስኪደነድን ድረስ ነው። በብረት ሲመቱት ጥሩ አድርጎ ካልጮኸ «ይኼማ ሞቷል!» ብለው ያስጨምሩበታል። ነፋስ መቀነስ የፈሪ ሥራ ነው ይላሉ። ያሲንም እንዲሁ ይል ነበር፤ እንዲያውም ይኩራራበት ነበር።

በሐምሌ አንድ ጧት ልጁን ሁዳንና የክፍል ጓደኞቿን በላንድክሩዘሩ ጭኖ ከከላላ ተነሣ። ተማሪዎቹ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዚያው ቀን መካነ ሰላም መግባት ነበረባቸው። የመፈተኛው ግቢ በር ከተዘጋባቸው የዓመቱን ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

ከፊት የተቀመጡት ጋሽ አራጌ በዚሁ መንገድ ሲነዱ ያረጁ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። «ያሲኔ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ዳገቱ ላይ ካለው ዋልካ ጭቃ ሳንደርስ ከጎማው ነፋስ ቀንስ» አሉት።

«አብሽሩ ጋሼ! ጎማ መንገድ የሚይዘው ሲጠነክር ነው።»

«ይሁን እንግዲህ፣ አላህ ያግዝህ» አሉት።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ጎማው በጥቁሩ ጭቃ ላይ ይዞር ጀመር። ያሲን ነዳጅ ሲረግጥ ባሰበት። መኪናዋ ቀስ እያለች፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ልጆቹ ጮኹ። ፍሬኑ ምንም አልፈየደም። የኋላው ጎማ ከአፋፉ ላይ ከአንድ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ቆመ።

ሁሉም በዳገቱ በኩል ወረዱ። ያሲን ቁልቁል አየ። ጉሙ ከእግሩ ሥር ነው፤ ከጉሙ ሥር ወንዝ ይሰማል፣ ወንዙ ግን አይታይም። «ያ ረቢ! ልጄን!» አለ።

ጋሽ አራጌ አልተቆጡም። «በል አሁን ቀንስ። የነፋስ መለኪያውን ያዝ። ጨርሰህ ካስተነፈስከው ጎማው ከቸርኬው ብረት ይወጣል፤ ጎኑ ትንሽ ሲተኛ ይበቃሃል።»

ነፋሱ እያፏጨ ወጣ። ጎማው ጭቃው ላይ ሰፋ ብሎ ተኛ። ያሲን አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን በቀስታ ነካው። መኪናዋም ቅድም እንደ ሳሙና ባንሸራተታት ጭቃ ላይ ተረጋግታ ወጣች።

«ሱብሃነላህ!» አለ ያሲን። መኪናዋ ያቺው፣ ሞተሩ ያው፣ ጭቃው ያው! የተለወጠው ነፋሱ ብቻ ነው። የዚህ ሁሉ ልጅ ነፍስ በዓይን በማይታይ ነገር ላይ መንጠልጠሉ አስደነቀው፤ አስፈራውም።

«የደነደነ ጎማ መሬቱን የሚነካው በጥቂቱ ነው» አሉት ጋሽ አራጌ። «ለስለስ ሲል በሰፊው ይይዛል። ጠጠሩ መንገድ ላይ ስትወጣ ግን በእጅ ፓምፑ መልሰህ ንፋው። በለሰለሰ ጎማ ከፈጠንክ ይግልና ይፈነዳል።»

እንዳሉት አደረገ። ተማሪዎቹም በሰዓቱ ደረሱ። ያሲን ሁዳ በሩን አልፋ ከዓይኑ እስክትሰወር ድረስ ቆሞ አያት።

በዚህ አገር ዳገት ሰው ጭናችሁ የምትነዱ ወገኖች ሆይ፣ ለሁሉም መንገድ የሚሆን አንድ የነፋስ ልክ የለም። ጭነታችሁንና መንገዱን አይታችሁ ምረጡ።

ያሲን ሲመለስ ከዚያው ዳገት አናት ላይ ዑበይዳ የሚባል ወጣት ሹፌር ሰው ጭኖ ሊወርድ ሲል አገኘው። ነፋስ እንዲቀንስ ቢነግረው ዑበይዳ ሳቀ። «ጋሽ ያሲን፣ ዛሬ ደግሞ ፈሩ እንዴ?»

ያሲን አልተከራከረውም። እጁን ይዞ ቁልቁል ወሰደውና ጧት የተንሸራተተበትን የጎማ ፋና አሳየው። ፋናው ጭቃውን እያረሰ ሄዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ያበቃል።

«ሁዳ ከኋላ ተቀምጣ ነበር» አለው።

ዑበይዳ ጉሙን አየ። ከዚያ ወደ መኪናው ተመልሶ ከጎማው አጠገብ ተንበረከከ።