መልስ የማይጠብቅ መልእክት

በርሜሉ ሞልቶ ውሃው በኮምፒውተር ክፍሉ ወለል ላይ መፍሰስ ሲጀምር፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አሁንም 42 ነበር።

«ዝጋው! ኪቲ፣ ውሃውን ዝጋው!» ብላ ጮኸች ሜሬኦኒ።

ኪቲዮኔ የውሃውን ጎማ በመስኮት ወደ ውጭ ወረወረና ጫማውን ከፍ አድርጎ አየው። ካልሲው ርሷል። «በቃ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የዋና ልብስ ይዤ እመጣለሁ» አለ።

ሜሬኦኒ አልሳቀችም። በርሜሉ ለእነሱ በመንደሮቻቸው በኩል የሚያልፈው ሬዋ ወንዝ ነበር። ሦስቱ ተማሪዎች ለሁለት ወር የደከሙበት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሦስት ፕሮግራሞች አሉት። የእሷ ፕሮግራም በየአምስት ሰከንዱ የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ይለካል። የአፒሳይ ፕሮግራም ውሃው 40ን ሲያልፍ ሳይረኑን ያስጮኻል። የኪቲዮኔ ደግሞ በየመንደሩ ወዳሉት ስልኮች መልእክት ይልካል። ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት የሦስቱ መንደሮች ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል። ከወደደው ድልድዩ ላይ ይተከላል። ካልወደደው ኮሚቴው እንደገና የሚሰበሰበው ከገና በኋላ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ገናን አይጠብቅም።

«ውሃው እኮ ዘጠና ደርሷል» አለች ስክሪኑን እያየች። «ለምንድን ነው 42 የሚለው?»

ጎንበስ ብላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች። የሳይረኑ ገመድ ከሶኬቱ ወጥቷል። ኪቲዮኔ ጎማውን ሲጎትት በእግሩ ነቅሎታል። ገመዱ ከወጣ ሳይረኑ ባይጮህ አይገርምም። ግን መለኪያው ለምን ቆመ?

ኮዱን ከፍታ ወደ ታች ወረደች። መስመሩን ስታገኘው ፊቷ ጋለ። ራሷ ናት የጻፈችው። ውሃው 40ን ሲያልፍ የእሷ ፕሮግራም ሳይረኑን በስሙ ይጠራል፤ ከዚያ ሳይረኑ «ሰምቻለሁ» ብሎ እስኪመልስ ድረስ ይጠብቃል። ሳይረኑ ሞቷል፤ መልስ የለም። ፕሮግራሟ ታዲያ 42 ላይ እንደ ቆመ ነው፤ አይለካም፣ ለኪቲዮኔም አይናገርም።

ከክፍሉ ጥግ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተቀመጠው አፒሳይ ዞር ሳይል ተናገረ። «ኪቲ፣ ባለፈው ሳምንት የነገርኩህን አድርሰሃል?»

«የቱን?»

«የኔ ሳይረን ቢበላሽ የሚለካው ፕሮግራም ቆሞ እንዳይጠብቀኝ ያልኩህን።»

ከበርሜሉ ጠርዝ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ይሰማ ነበር።

የሜሬኦኒና የአፒሳይ እናቶች እህትማማቾች ናቸው፤ ስለዚህ በአገራቸው ልማድ አፒሳይ ወንድሟ ነው። ወንድምና እህት ከፍ ካሉ በኋላ ደግሞ ፊት ለፊት አይነጋገሩም፣ ዕቃም ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። የሚቆጣጠራቸው የለም፤ ክብር ነው፣ በቃ። ኪቲዮኔ ግን የእናቶቻቸው የወንድም ልጅ ነው። ከእሱ ጋር መቀላለድና መሰዳደብ ይቻላል፤ እንዲያውም ካልተሰዳደቡት ይከፋዋል። በዚህ ምክንያት ለሁለት ወር ያህል በሁለቱ መካከል የተባለው ሁሉ በኪቲዮኔ አፍ ነው ያለፈው።

«ያን ቀን ራግቢ ነበረኝ» አለ ኪቲዮኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጭንቅላቴ ወጣ።»

«እኔ ጠይቄህ የለም እንዴ?» አለች ሜሬኦኒ። «ኮዱን አሳይቼህ ‹ምን አለ?› ስልህ ‹በጣም ጥሩ ነው ብሏል› አላልከኝም?»

«እንደዚያ የሚል መስሎኝ ነው።»

«መስሎህ ነው ወይስ ፈጥረህ?»

ኪቲዮኔ ከርሞ ጥጃ እንደ ተባለ ሰው ጆሮውን አሸ። «ፈጥሬ» አለ።

ሜሬኦኒ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የታያት ያለፈው የካቲት ነው። ወንዙ ሲሞላ ስልክ ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር፣ ማስጠንቀቂያው ከቤት ወደ ቤት ነበር የሄደው፤ አንዱ ቤት ለቀጣዩ እየተናገረ። ስድስተኛው ቤት ውስጥ ግን ሰው አልነበረም፤ ለቀብር ናውሶሪ ከተማ ሄደው ነበር። ወሬውን የያዘችው ሴት በሩን አንኳኳች፣ ተጣራች፣ ይከፍቱልኛል ብላ ጠበቀች። ከዚያ በታች ያሉት አራት ቤቶች የሰሙት ከውሃው ከራሱ ነው። የመጨረሻው የአያቷ የቡቡ ቤት ነበር። ቡቡ ግማሽ ቀን ሙሉ ጣሪያ ላይ ተቀምጣ አሳማዎቿ በወንዙ ሲወሰዱ አየች። እስከ ዛሬ ዝናብ ሲጀምር ጫማዋን አታወልቅም።

የእኔ ፕሮግራም አሁን እዚያ ባዶ ቤት በር ላይ ነው የቆመው፣ ብላ አሰበች።

«ስሚኝ» አለ ኪቲዮኔ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ነገ ማን ገመድ ይነቅላል? ማንም። ሃያ ጊዜ ሞክረነዋል፤ ሃያውንም ጊዜ ሠርቷል። ከተተከለ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ለማዳም ከነገርናት ግን ታራዝመዋለች።»

እውነቱን ነበር። ነገሩን ያከበደውም ይሄው ነው።

በሩ ተከፈተና መምህርታቸው ማዳም ሮሽኒ አንገቷን አስገባች። «ልጆች፣ ለነገ ዝግጁ ናችሁ?» ወለሉን አየች። «ይሄ ሁሉ ውሃ ምንድን ነው?»

«ሙከራ ነው፣ ማዳም!» አለ ኪቲዮኔ። «በጣም የተሳካ ሙከራ!»

ማዳም ሮሽኒ ሜሬኦኒን አየቻት። ሜሬኦኒ አንድ ቃል መናገር ይበቃት ነበር። አልተናገረችም። በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

ዝምታዋ ከኪቲዮኔ ውሸት በምን እንደሚለይ ልታውቅ ሞከረች፤ አላገኘችውም። አፒሳይን ልትጠይቀው የምትፈልገው ነገር ነበር። ከኋላው ጆሮዎቹ ይታዩዋታል። ሦስት እርምጃ ብቻ ነው። ግን ፊት ለፊት መጠየቅ አይሆንም፤ በኪቲዮኔ በኩልም ዳግመኛ ልትልከው አልፈለገችም።

ተነስታ ወደ ነጭ ሰሌዳው ሄደችና ለማንም ሳይሆን ጻፈች፦ «መለኪያው ማንንም ባይጠብቅ፣ ሳይረኑ በምን ያውቃል?» ማርከሩን አስቀምጣ መወልወያ ልታመጣ ወጣች።

ስትመለስ ከሥሩ በተጨናነቀ ትንሽ ጽሑፍ ተጽፏል፦ «መለኪያው ቁጥሩን አንድ ቦታ ጽፎ ወደ ሥራው ይመለስ። ሳይረኑ ራሱ መጥቶ ያንብብ።» አፒሳይ እንደ መጀመሪያው ግድግዳውን እያየ ተቀምጧል።

ሜሬኦኒ ጽሑፉን አየች፣ ከዚያ በእጇ የያዘችውን መወልወያ አየች። እሷ ቆማ አልጠበቀችውም። እሱም አልጠራትም። እሷ መወልወያ ስትፈልግ እሱ አንብቧል።

«እንደዚህ ሰሌዳ!» አለች ጮክ ብላ። ማርከሩን አነሳችና በፍጥነት ጻፈች፦ «መካከላቸው ሰሌዳ ይኑር። መለኪያው ይጽፍበታል፤ ማን እንደሚያነበው አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ሳይረኑ ያነባል። መልእክት ላኪውም ለብቻው ያነባል። አንዱ ቢሞት ሌላው ማንበቡን አያቆምም።»

መወልወያውን ልትጨምቅ ወጣች። ስትመለስ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ወደፊት አራተኛ ቢመጣም ያነባል፤ መለኪያው ሳይነካ።»

ኪቲዮኔ አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ ሁለቱን እያየ ቆየ። «እና እኔ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው?»

«አልፈታህም» አለች ሜሬኦኒና መወልወያውን ሰጠችው። «ወለሉን ወልውል።»

እስከ መጨረሻው አውቶቡስ ድረስ ሠሩ። በነጋታው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ ከካንቲን የገዙትን ሮቲ የሚባል ቂጣ በአንድ እጃቸው ይዘው ቀጠሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሜሬኦኒ የሳይረኑን ገመድ ነቀለች፤ ኪቲዮኔም ባዶ ያደረጉትን በርሜል በባልዲ መሙላት ጀመረ። ቁጥሩ አልቆመም፤ 41፣ 42፣ 43 እያለ ወጣ። የኪቲዮኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠች። ሦስቱም፣ እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ስክሪን እያዩ፣ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። የበርሜሉን ውሃ ቀንሰው፣ የሳይረኑንም ገመድ መልሰው ሰክተው፣ የመልእክት ላኪውን ገመድ ነቅለው ሊሞክሩ ሲሉ የኮሚቴው መኪና በግቢው በር ገባ።

ስክሪኑ ላይ ሁለት ፋይሎች አሉ፤ አንዱ «አሮጌው»፣ አንዱ «አዲሱ» ይላል።

«አሮጌውን ክፈቺ» አለ ኪቲዮኔ በሹክሹክታ። «እባክሽ። አዲሱ እኮ ገና ከማሕፀን አልወጣም። እነሱ ፊት ቢወድቅ አለቀልን።»

ሜሬኦኒ አዲሱን ከፈተች።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። ከፊት የተቀመጠው የእሷ መንደር ሹም፣ አጎት አፖሮሳ ነው። ትልቅ ሰውነቱን በተማሪ ወንበር ላይ እንደ ምንም አመቻችቶ ጃንጥላውን በሁለት ጉልበቱ መካከል አቆመ። ኪቲዮኔ ስለ ሥራቸው ተናገረ፤ ሲናገር ደስ ይላል፣ ሁለቴም አሳቃቸው።

«ጥሩ» አለ መነጽር ያደረገው የኮሚቴው ጸሐፊ። «ሁሉም ተሞክሯል?»

«ሁሉም!» አለ ኪቲዮኔ።

ማዳም ሮሽኒ በኩራት ራሷን ነቀነቀች። ሜሬኦኒ ወለሉን አየች። ከበርሜሉ ሥር ትናንት ያልደረቀው ውሃ አሁንም ጠቁሮ ይታያል።

«አይደለም» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ትናንት አንድ ገመድ ሲወጣ መለኪያው ቆሞብን ነበር። ሳይረኑን ጠርቶ መልስ ይጠብቅ ነበር፤ ሳይረኑ ግን የለም። ውሃው ወለሉ ላይ እየፈሰሰ 42 ነው ይለን ነበር።» ወደ መምህርቷ ዞረች። «ማዳም፣ ትናንት ሲጠይቁን ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

የማዳም ሮሽኒ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ኪቲዮኔ የያዘውን ባልዲ መሬት አስቀመጠ።

አጎት አፖሮሳ የጃንጥላውን እጀታ አሻሸ። «ባዶ ቤት እንደሚያንኳኳ ሰው» አለ።

ያ ባዶ የነበረው ስድስተኛው ቤት የራሱ የሹሙ እንደሆነ የማያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሜሬኦኒ እሱን ለማሳፈር ብላ አልነበረም የተናገረችው። «አዎ፣ አጎቴ» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁን አይጠብቅም። ጽፎ ያልፋል፤ የሚፈልገው ያነባል። ግን ነቅለን የሞከርነው የሳይረኑን ገመድ ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ ጊዜ። የመልእክት ላኪውን አልሞከርንም።»

ጸሐፊው ደብተሩን መክደን ጀመረ። «እንግዲህ ከገና በኋላ፣ ሲጨርሱ…»

አጎት አፖሮሳ እጁን አነሳ፤ ጸሐፊው ዝም አለ። «የመልእክት ላኪው የቱ ነው?»

ሜሬኦኒ ጎንበስ አለችና ሰማያዊውን ገመድ ፈልጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሹሙ እጅ አጠገብ አስቀመጠችው። «ኪቲ፣ ውሃውን ጨምር።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ኪቲዮኔ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም።

«አይደለሁም። ጨምር።»

ሹሙ ነቀለው።

ውሃው ወደ በርሜሉ ወረደ። 36። 38። ከጥጉ የወንበር መንቋቋት ተሰማ፤ አፒሳይ ወንበሩን አዞረ። ወደ እሷ አልነበረም፤ ወደ ቁጥሩ ነው። 40። 41። ሳይረኑ ጮኸ፤ መስኮቱ ላይ የነበሩት የማይና ወፎች ብድግ ብለው በረሩ። የኪቲዮኔ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጭጭ ብላለች።

42።

ሜሬኦኒ ማንንም አላየችም። በልቧ ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

43።

ኪቲዮኔ ባልዲውን ደረቱ ላይ አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ። ማዳም ሮሽኒ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳይረኑ ሲቆም ጸሐፊው ደብተሩን እንደገና ገልጦ እስክሪብቶ ይፈልግ ነበር።

አጎት አፖሮሳ ግን ሰማያዊውን ገመድ ገና አልለቀቀም። በሌላው እጁ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ የቀረውን ጥቁሩን ገመድ ጠቆመ። «ይሄኛውስ?»

ሜሬኦኒ ገመዱን አየችው። የመለኪያው ነው። እሱ ከተነቀለ ሰሌዳው ላይ የመጨረሻው ቁጥር እንደ ተጻፈ ይቀራል፤ አንባቢዎቹም አሮጌ ቁጥር እያነበቡ ደህና ነን ይላሉ። ይህን እስከ አሁን አላሰበችውም ነበር።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አግኝቶ ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀምሯል።

«እሱ የኔ ነው» አለች። «አልሞከርነውም።»

ገመዱን አነሳችና እንዲነቅለው ወደ ሹሙ አስጠጋችው።