አስፋልት የሚያርሰው ሰው

ቀረብ በሉና ጆሮ ስጡኝ። ይህን ታሪክ አንዱ ከራስጌው፣ ሌላው ከግርጌው እየቆረጠ ሲያበላሸው ሰምቻለሁ። ስለዚህ እኔ እንደምነግራችሁ አድርጋችሁ ያዙት። ጅብ ነበረ እንዳትሉ፤ ጅብ አልነበረም። እኩለ ሌሊትም አልነበረም፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ጨረቃ አልነበረችም።

ያን ጊዜ ከተማዪቱ በማሳው ውስጥ ገና መስፋቷ ነበር። በግራ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም፣ በቀኝ በቆሎ፣ በመሐል መብራት ያልተተከለለት አዲስ አስፋልት። በዚያ አስፋልት ላይ አስረስ የሚባል ገበሬ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ገበሬ አልኩ እንጂ መሬት አልነበረውም። የሚረግጠው አስፋልት ራሱ ማሳው የነበረ ነው።

እንዴት ተወሰደበት? አስረስና ጓንጉል መቀናጆ ነበሩ። አንድ በሬ ከአስረስ፣ አንድ በሬ ከጓንጉል፤ በአንድ ቀንበር ጠምደው ሃያ ዓመት አብረው አረሱ። አስረስ ታሞ ጠበል በሄደበት ወር የመሬት ኮሚቴ መጣ። መንገዱ ከሁለቱ በአንደኛው ማሳ ማለፍ ነበረበት። «የአስረስ ጠፍ ነው፤ ታርሶ አያውቅም» ተብሎ ተመሰከረ። ጠፍ ለተባለ መሬት ደግሞ ምትክ አይሰጥም። ከምስክርነቱ ሥር የማን አሻራ ነበረ? የጓንጉል።

ሚስቱ ዘነቡ፣ «አንተ ሰው፣ ዓይንህን ግለጥ! የሸጠህ ጓንጉል ነው!» አለችው።

«ዝም በይ! ጣት ቀለም ከነካ የሁሉም አንድ ነው። ጓንጉል አያደርገውም» አላት።

በዚያው ክረምት ጓንጉል ሞተ። አስረስ በገዛ እጁ አፈር አለበሰው።

እንግዲህ በዚያ ምሽት በመጀመሪያ ጅራፍ ጮኸ። በጨለማ ማን ያርሳል? አስረስ መንገዱን ቀጠለ። ቀጥሎ ድምፅ ሰማ፤ «ሃ! ቦራ! ትልምህን ያዝ!» ቦራ የጓንጉል በሬ ነበር፤ ለጓንጉል ተዝካር ታርዷል። አስረስ ቆመ። ከኮንዶሚኒየሙ መስኮቶች በሚወጣው ብርሃን፣ ከአስፋልቱ መሐል አንድ በሬ ብቻውን ተጠምዶ አየ፤ የቀንበሩ ሌላ ጫፍ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከበሬው ኋላ ጋቢ የተከናነበ ሰው። ሰውየው ዞረ። አፉ አፈር ሞልቶታል።

«አስረስ ወንድሜ፣ አርሼ መጨረስ አቃተኝ። ጠፍ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ምሬሃለሁ በለኝና ልረፍ።»

አንድ ቃል ነበር የተለመነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

አስረስ አንገቱን አልደፋም። «ጓንጉል እንዲህ አይልም! የወዳጄን መልክ የለበስክ፣ አንተ ማነህ?»

«እኔ ነኝ!» ብሎ እጁን ጨበጠው። እጁ እንደ ጉድጓድ ውኃ ይቀዘቅዛል፤ እርፍ ያሻከረውን መዳፍ ግን አስረስ ያውቀዋል።

«አይደለህም!» ብሎ መንጭቆ ሮጠ። ከኋላው ያ ድምፅ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጧት አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትልም ተሰንጥቆ ተገኘ። ዘነቡ ጎትታ ወስዳ አሳየችው። «የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ የቆፈሩት ነው» አላት።

በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ይቅርታ ያላገኘችው ነፍስ ዛሬም ታርሳለች። አስረስ ግን ጓንጉል እንደ ከዳው እስኪሞት ድረስ አልተቀበለም።