የእማማ በላይነሽ ቤት

«ጣሊያኑ ካፒቴን እዚች በረንዳ ላይ ቆሞ ባቡሩ ሲገባ ያይ ነበር» አለ ያቤጽ። መምህር ቀነዓ በስልካቸው ይቀርጹታል።

ሉሊት ዞር ብላ አየችው። ሁለቱ አብረው ባዘጋጁት ገለጻ ውስጥ ካፒቴን የሚባል ሰው አልነበረም።

ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያለውን ሰፈር በእግር ሲጎበኝ ነው ያረፈደው። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለ አንድ አንድ ቤት ያስረዳሉ። ቪዲዮው መንገዱ ሲሰፋ የትኞቹ ቤቶች በቅርስነት እንደሚተርፉ ለሚያጠናው ኮሚቴ ይሰጣል። በዚህኛው ቤት የሚኖሩት ያቤጽና አያቱ እማማ በላይነሽ ናቸው።

«ፓስታውንስ የት ነበር የሚቀቅለው?» አለ ጋሮምሳ ከኋላ። ልጆቹ ሳቁ።

ሉሊት የያቤጽን እጅጌ ሳበች። «የምን ካፒቴን ነው? ትናንት እማማ ምን አሉን?»

«አታካብጂ ባክሽ» አላት በሹክሹክታ። «የጣሊያን ነው ካልን አይፈርስም። ሰፈሩ ሁሉ የጣሊያን ቤት አይደል የሚለው?»

እውነቱን ነው። አዳማ ውስጥ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ቀይ ሸክላ የሆነ ቤት ሁሉ የጣሊያን ቤት ይባላል። ሉሊትም እስከ ትናንት ድረስ እንደዚያው ነበር የምታስበው። እማማ በላይነሽ ግን ቤቱን የሠሩት የባቡር መሥሪያ ቤት ግንበኛ የነበሩት አባታቸው መሆናቸውን ነገሯቸው፤ ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ከሥራ መልስ፣ ጥቂት በጥቂት። የበረንዳውን ቅስቶች ከጣቢያው አይተው ነው የገነቡት። አንደኛው ጠመም ብሎ ቀርቷል።

«ጋሪ ዳ፣ ጥሩ ነው» አሉ መምህር ቀነዓ። «ሉሊት፣ ቀጥይ። መቼ ተሠራ?»

ስልኩ ወደ እሷ ዞረ። ያቤጽ ዓይን ዓይኗን ያያል። የሱን ቃል ብትደግም ማንም አይጠረጥርም። ቤቱ ከፈረሰ ደግሞ እሱና እማማ የት እንደሚገቡ አታውቅም።

«ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው» አለች። «የሠሩት የያቤጽ ቅድመ አያት ናቸው።»

ያቤጽ ጀርባውን ሰጣት።

መምህሩ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። «ካፒቴኑስ?»

«ካፒቴን የለም፣ ቲቸር።»

«እንደሱ ከሆነ ኮሚቴው ምኑን ብሎ ያቆየዋል?»

ሉሊት በረንዳው ላይ ወጣች።

«ሉሊት፣ ተይ» አለ ያቤጽ።

«ቲቸር፣ ቀረጻውን አያቁሙት» አለችና በሩን አንኳኳች። «እማማ፣ ሉሊት ነኝ። ክፍላችንን በሙሉ ይዤ መጥቻለሁ። አባትዎ ቤቱን እንዴት እንደሠሩት ለነሱም ይንገሯቸው።»