የቤሎፔስክ ምድጃ የፈረሰ ጊዜ

ታይሲያ ሮድዮንን ያወቀችው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ በረዶ የለበሰው ወንዝ መሀል ላይ ነው። የመኪናው የፊት ጎማዎች ሰምጠው፣ እሱ አሁንም መሪውን እንደያዘ ነበር።

«ውረድ እንጂ! በረዶው ሳስቷል፤ ይዞህ ይገባል!»

«መኪናውስ?»

«መኪናውን ዓሣ ይንዳው! አንተ ና!»

እጇን ይዞ ዳር ደረሰ። መኪናውን ወንዙ ዋጠው። ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ተያዩና ሳቃቸው መጣ። እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ግን ቆዩ።

በማግስቱ በረዶው ተሰነጣጥቆ መፍሰስ ጀመረ። የታይሲያ ከተማ ቤሎፔስክ ድልድይ የላትም፤ ባቡሩም ድሮውኑ ትቷት አልፏል። ጀልባ እስኪጀምር የገባ አይወጣም። በእነዚያ ቀናት ሁለቱ በወንዙ ዳር እየሄዱ ተዋደዱ።

«ለምን እንደመጣህ ግን አልነገርከኝም» አለችው አንድ ቀን።

አቀረቀረ። «ፋብሪካውን ላፈርስ።»

ከተማዋን የወለዳት ያ የብርጭቆ ፋብሪካ ነው። አንድ ነጋዴ የወንዙን ነጭ አሸዋ አይቶ የብርጭቆ ማቅለጫ ምድጃ ተከለ፤ ሰውም በዙሪያው ሰፈረ። አባቷ ዬፊም ዕድሜውን የፈጀው እዚያ እሳት ፊት ነው። ምድጃው ከጠፋ ወዲህ ወጣቱ ወደ ሰሜን፣ የተፈጥሮ ጋዝ ወደሚወጣበት አገር ተሰደደ፤ የቀረው በድንችና በእንጉዳይ ይኖራል። ዬፊም ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት የቀዘቀዘውን ምድጃ ደጅ ይጠርጋል።

ወሬው ሲደርሰው ሮድዮንን መንገድ ላይ አስቆመው።

«በዚያው የልጄን እጅ በያዝክበት እጅ ነው የምትንደው?»

«እኔ ብተወው ሌላ ሰው ይልካሉ፣ ዬፊም ኩዝሚች።»

«ይላኩ! ሌላው እንዳንተ ቤቴ ገብቶ ሻይ አልጠጣም!»

ምድጃው ፈረሰ። ያፈረሱትም ድሮ የሠሩበት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ ካገኙ ስንት ዘመናቸው! ሮድዮን ጥላሸት ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ።

«ወደ ሰሜን አብረን እንሂድ» አላት።

«አባዬን ለማን ትቼ?»

ጀልባው በተነሣበት ጠዋት ታይሲያ ባዶ እጇን ወደ ወንዙ ወረደች። ከሮድዮን ጋር ተቃቅፈው ሳሉ ከኋላ የከባድ እርምጃ ድምፅ ሰማች። አባቷ ነው፤ ወፍራም ካፖርቷንና የክረምት ቦት ጫማዋን ታቅፏል።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ልሰናበተው ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የተከተልኩሽ።»

ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ጫማውንም እጇ ላይ አኖረላት። ሮድዮንን ግን ቀና ብሎም አላየው።

«እዚያ ሰሜን ብርዱ ክፉ ነው» አለና ዳገቱን ተያያዘው።