ማንም ያልነካው ፍሬን

መምህሩ ከቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ፣ ከግንቡ ሥር ወድቋል። አንገቱ ተሰብሯል። አሮጌው ብስክሌት ከአጠገቡ ተጋድሟል።

ጥግ ላይ ጋዜጣ የምትሸጠው ሴት አይታለች።

«አንድ እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ» አለች። «ሌላው እጁ መሪው መሃል ላይ ነበር። ሊታጠፍ ሲያዞር የፊት ጎማው ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። በእግዜር ይሁንብኝ፣ ፍሬኑን አልነካም!»

መርማሪው ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። እናትየው ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጣለች። ብስክሌቱ ተሰቅሎ የኖረው እዚያ ነበር፤ ባሏ በዚያው ብስክሌት፣ በዚያው ቁልቁለት ከሞተ ጀምሮ። ልጇ ያኔ ገና ዳዴ ይል ነበር።

«አታውርደው ብዬው ነበር። አዲስ ፍሬን ካስገባሁለት ምን ይሆናል አለኝ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፍሬኑን አባቱ ነው የያዘበት። ብቻውን ሰልችቶት ጠራው።»

የመርማሪው ፀጉር ቆመ።

«ሙት አይነሳም እቴ» አላት አብሯት የሚኖረው የባሏ ወንድም፣ ጫማ ሰፊው። «ጥፋቱ የጠጋኙ ነው።»

ብስክሌት ጠጋኙ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የመምህሩን ሞት ሰምቷል።

«የፊቱን ፍሬን ሽቦ አሳጥረኸዋል?» አለው መርማሪው።

«ኧረ በጭራሽ! መሪው ሲዞር እንዳይወጠር ሰፋ ያለ ቅስት ትቼለታለሁ። ራሴ ነድቼ ሞክሬዋለሁ።»

«ሌላ ያየኸው ነገር አለ?»

ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። «አሮጌው ሽቦ... በእርጅና አልነበረም የተበጠሰው። በሞረድ ተበልቷል። ለመምህሩ አሳየሁት። ኪሱ ከተተውና ቃል ሳይተነፍስ ሄደ።»

ሟቹ ኪስ ውስጥ ሽቦ አልተገኘም።

መርማሪው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ብስክሌቱን አቆመ። የፊት ጎማውን አሽከረከረ። መሪውን አዞረ።

ጎማው ቀጥ አለ።

እጆቹን አየ። ፍሬኑን አልነካም።

ተንበርክኮ በባትሪ አበራ። ቅስቱ የለም። አንድ ሰው ሽቦውን ከነሽፋኑ ስቦ ከብስክሌቱ ብረት ጋር አስሮታል። መንገዱ ቀጥ እስካለ ምንም አይሆንም፤ መሪው ሲዞር ግን ሽቦው ተወጥሮ ፍሬኑን ይስባል። ማሰሪያው ሰም የተቀባ ክር ነው። የጫማ መስፊያ።

ወደ ሟቹ ቤት ተመልሶ ክሩን ጫማ ሰፊው ጉልበት ላይ አኖረው።

«ልጁ ምን ጠየቀህ?»

ሰውየው ክሩን በጣቱ ነካ። «ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ‹አጎቴ፣ አባቴ ሞረድ ነበረው እንዴ?› አለኝ። አላውቅም አልኩት። እሱ ግን ዓይኔን አየው።»

«ወንድምህንስ ለምን ገደልከው?»

ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ እናትየዋን አየ። «ቀድሜ ያየኋት እኔ ነበርኩ። ያገባት እሱ። ከሄደ ወደ እኔ ታያለች ብዬ... አንድ ቀን እንኳ ‹ወንድሜ› ከማለት አላለፈችም።»

እናትየው ፊቱ መጥታ ቆመች።

«ያኔ ባሌ ዘንድ ቀድመህ የደረስከው አንተ ነበርክ። ወዲያው ነው የሞተው አልከኝ።»

«አዎ።»

«እውነት ነው?»

መርማሪው ካቴናውን እያወጣ ነበር፤ እጁን ገታ።

«አይደለም» አለ ጫማ ሰፊው። «‹ጥራልኝ› እያለ ስምሽን ሲጠራ ነበር። አልጠራሁሽም።»