ከካቫው ገበቴ አጠገብ የተዘረጋው ሰሌን

ሰው «በሳቅ ፈረስኩ» ሲል ለወሬ ያህል ነው። ሉሴያኔ ግን የእውነቷን ነው የምትፈርሰው። ሳቅ ሲመጣባት ጉልበቷ ይከዳታል፤ አንገቷ ይዘነበላል፤ ከዚያ በቃ፣ ዝርግት ነው። ዓይኗ ቢከደንም ጆሮዋ አይተኛም። በዙሪያዋ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች።

የጀልባ ሞተር ጠጋኙ ሀኒቴሊ ይህን አያውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ቤቷ መጣ። በቶንጋ የቫቫኡ ደሴት ወግ እንደሆነው ሉሴያኔ ከገበቴው ኋላ ተቀምጣ ካቫ የሚሉትን ከሥር የሚጨመቅ መጠጥ ትቀዳለች፤ ወንዶቹ ክብ ሠርተው ይጠጣሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ቀጂዋን ይተርባሉ። ፈላጊዋ ጎኗ ይቀመጣል። ጨዋ ቀጂ ባትወደው እንኳ ፊት አትነሳውም። ገበቴው ላይ ማንቀላፋት ደግሞ «ውጣልኝ» ከማለት ይብሳል።

ሀኒቴሊ የኮኮናት ቅሉ እስከ አፉ ሞልቶ ሲደርሰው አያት።

«ቀጂዬ፣ ልታሰምጪኝ ነው እንዴ? ዋና እንደማልችል ማን ነገረሽ?»

ጀልባ ላይ ውሎ የሚያድር ሰው ዋና አይችልም! ሳቋ መጣ። መቅጃው ከእጇ ወደቀ፤ አገጯ ደረቷ ላይ ተደፋ።

ሀኒቴሊ ክው አለ።

«ገብቶኛል» ብሎ ተነሳ።

እርምጃው በጠጠሩ ላይ ሲርቅ ሰማችው። «አትሂድ» ልትለው ፈለገች፤ ምላሷ እምቢ አላት። እንደዚያ ቀን ተናዳ አታውቅም።

ሰኞ በማለዳ ወደብ ወረደች። ሀኒቴሊ ሞተር ፈቶ እጁ በግራሶ ጠቁሯል።

«አንተ! ሰው ሲወድቅ ጥለህ ሂድ ብለው ነው ያሳደጉህ?»

«ተኛሽብኝ እኮ!»

«አልተኛሁብህም፤ ሳቅሁልህ እንጂ። ‹ገብቶኛል› ስትል ሰምቼሃለሁ። ምንም አልገባህም!»

ሀኒቴሊ መፍቻውን አስቀመጠ። እሷም ሳታፍር ነገረችው። ሕመሟ ናርኮሌፕሲ ይባላል። ኒውዚላንድ ድረስ፣ ኦክላንድ ወስደው አንድ ሌሊትና አንድ ቀን እንቅልፏን በመሣሪያ ለክተው ነው ያገኙላት።

«እንቅልፍን በር ላይ የሚይዝ ዘበኛ አንጎሌ ውስጥ የለም። ስንፍና አይደለም፤ መንፈስም አልያዘኝም። ጠዋት የምውጠው ኪኒን አለ፣ ለመውደቁም ሌላ። በአራትና በዘጠኝ ሰዓት ሃያ ሃያ ደቂቃ እተኛለሁ። የማታ ሰዓቴን አላዛንፍም። አይድንም፤ ግን ይገራል።»

«ሳቅስ?»

«ተጠንቀቂ ይሉኛል።»

«እና?»

«እና እስቃለሁ።»

ሀኒቴሊ ትክ ብሎ አያት። ከሁለቱ ማንም ዓይኑን አልሰበረም።

«እንግዲህ ላስቅሽ ስል አስቀድሜ አስቀምጥሻለሁ» አላት።

እሷም እዚያው የገመድ ክምር ላይ ቁጭ አለች። የተዋደዱት ያን ቀን ነው።

ፍቅሩ ሰባት ወር ሞላው፤ ጋብቻው ግን እትዬ ሜሌናይቴ ፊት ሲደርስ ቆመ። የሀኒቴሊ የአባቱ እህት ናቸው፤ በቶንጋ ደግሞ የአባት እህት እምቢ ካለች ማንም ደፍሮ አይድርም።

«የምታንቀላፋ ሚስት ቤት ታቃጥላለች» አሉ። «ቅዳሜ ዘመድ ሁሉ ባለበት እኔ ቤት ካቫ ትቅዳ። ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። አንዴ ዓይኗን ከከደነች ነገሩ እዚያው ያበቃል።»

የሉሴያኔ አባት ተጨነቁ። «ልጄ፣ ለአንድ ቀን ኪኒኑን ጨመር አድርጊና ቻይው።»

«አባዬ፣ ኪኒን ስኳር ነው እንዴ የሚጨመረው? ደግሞ አንድ ቀን ከደበቅሁ ዕድሜ ልኬን ልደብቅ ነው።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሉሴያኔ ጠብታ ሳታፈስ ቀዳች። የሀኒቴሊ አጎቶች እየተያዩ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እትዬ ሜሌናይቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅሉን አስቀመጠች፤ ጠቅልላ ያመጣችውን ሰሌን ገበቴው አጠገብ፣ ሁሉም እያየ ዘረጋች።

«የእንቅልፌ ሰዓት ደርሷል» አለች። «ሃያ ደቂቃ ነው። ካቫው አይሸሽም።»

ተኛች።

ቤቱ ተንጫጫ። «ሀኒቴሊ! ይቺን ነው የምታገባው?» አሉ እትዬ ሜሌናይቴ።

«አዎ፣ አክስቴ» አለና ሄዶ ከገበቴው ኋላ፣ በልጃገረድ ቦታ ተቀምጦ መቅዳት ጀመረ።

«ቀጂያችን ጢም አወጣች!» አለ አንዱ አጎት፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ሜሌናይቴ ብቻ አልሳቁም። የተኛችውን ልጅ ትክ ብለው ያዩ ነበር።

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ሉሴያኔ ነቃች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ «ቦታዬን» አለችው። ለቀቀላት፤ ጎኗ ተቀመጠ። ቅል ሞልታ ራሷ ለአክስቱ ወሰደችና ተመለሰች።

እትዬ ሜሌናይቴ ጠጡና አፋቸውን ጠረጉ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስብከት ላይ አንቀላፍቻለሁ» አሉ። «ሰዓቱን ተናግሬ፣ ሰሌን ዘርግቼ ግን አላውቅም!»

ሀኒቴሊ ሳቋ ሲመጣ አየ፤ ፈጥኖ ክንዱን ከጀርባዋ አደረገ። ሉሴያኔ ክንዱ ላይ ፈረሰች።

«ወይኔ! ምን አደረግኋት? ትሰማኛለች?»

«ትሰማለች፣ አክስቴ። ይንገሯት።»

እትዬ ሜሌናይቴ እየቃተቱ ተነሱ። ለማንም ጎንበስ ብለው የማያውቁት ሴትዮ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አሉ።

«ሠርጉ በማለዳ ይሁን» አሏት። «ከአራት ሰዓት በፊት፣ እንቅልፍሽ ሳይመጣ።»

መመለስ ፈለገች፤ ምላሷ ገና አልታዘዘላትም። ጆሮዋን ጣለች። ጠጠሩ ላይ የሚርቅ እርምጃ የለም። ክንዱም ከጀርባዋ አልተነሳም። ጥቂት ቆይቶ አንገቷ ቀና አለ፤ ምላሷም ተፈታ።

«አይሆንም፣ እትዬ» አለች። «በአምስት ሰዓት ይሁን። ተኝቼ ተነስቼ ነው የማገባው።»